ከደሴ ተነስቶ አውሮፓን ማየት፦ ከተማ ሳይሆን ሌሊት ቁጠሩ

እስቲ አንድ ዘመድ ከውጭ መጣ እንበል። ያለው አራት ቀን ነው። ሐይቅን አያለሁ፣ ግሸን እወጣለሁ፣ ላሊበላ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ከቻልኩም መቅደላን እረግጣለሁ አላችሁ። ምን ትሉታላችሁ? «አይ ወንድሜ፣ ይሄማ መኪና ውስጥ መክረም ነው» ትሉታላችሁ። መንገዱን ስለምታውቁት ነው። ግሸን መውጣት ራሱን የቻለ ቀን ነው፤ ላሊበላም ለመድረስ ብቻ ቀኑ ያልቃል።

እኛ ግን አውሮፓ እንሂድ ስንል የምናደርገው ልክ የዚያን ዘመድ ነው። ስልክ ላይ ካርታውን ስናየው ፓሪስና ሮም በሁለት ጣት መሐል ይገባሉ። አምስተርዳምም እዚያው ናት፣ ፕራግም እዚያው ናት፣ ስለዚህ ሁሉንም እንጽፋለን።

እኔ የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ከእህቴ ጋር መጀመሪያ ያወጣነው ፕሮግራም ሰባት ከተማ በአሥራ አንድ ቀን ነበር። ደብተር ላይ ሰዓት በሰዓት ስንጽፈው ከአሥራ አንዱ ቀን ከሦስት ቀን በላይ የሚያልፈው ባቡር ጣቢያና ኤርፖርት ውስጥ ሆነ። አራቱን ከተማ ሰረዝናቸው። ሦስቱን አየናቸው፣ ግን በደንብ አየናቸው። ከዚያ ወዲህ ለመሄድ ያሰበ የሥራ ባልደረባ ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኛል፤ ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ፈቃዱ ከደሴ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው

ካርታም ትኬትም ገና አትክፈቱ። መጀመሪያ ስንት ቀን እንዳላችሁ ጻፉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። 16 ቀን ሲሰሙት ብዙ ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ ለልቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለታመመ ሰው አንድ አንድ ቀን እያልን እንቆርጥለታለን። አለቃችሁም 16ቱን በአንድ ጊዜ ላይፈቅድ ይችላል።

ሌላም የሚበላው አለ። ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድነት ለሚያስገባው ቪዛ፣ ማመልከቻ የምታስገቡት አዲስ አበባ ነው፤ ለአሻራም ራሳችሁ መቅረብ አለባችሁ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪ.ሜ ያህል ነው። አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን ቀጠሮ፣ አንድ ቀን መመለሻ፤ ሦስት ቀን ሄደ ማለት ነው። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ከሆነ አንዱን ልታተርፉ ትችላላችሁ። ቀጠሮውን አርብ ወይም ሰኞ ላይ ካገኛችሁት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ያግዛችኋል። አሻራችሁን ባለፉት 59 ወራት ውስጥ ሰጥታችሁ ከሆነ ድጋሚ ላያስፈልግ ይችላል፤ ቀጠሮ ስትይዙ ይህን አንሱ። ፓስፖርቱን ሌላ ሰው ሊቀበልላችሁ ይችል እንደሆነም ያኔውኑ ጠይቁ። ለመቀበል ብቻ እንደገና ሦስት ቀን ማውጣት ያሳዝናል።

እንግዲህ ከዚያ ሁሉ በኋላ አሥር የሥራ ቀን ተረፋችሁ እንበል። ከሰኞ እስከ አርብ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሦስቱን ቅዳሜና እሁድ ከፊትና ከኋላ ስትጨምሩበት 16 ቀን ይሆናል። አሁን ከደሴ ጀምራችሁ ቁረጡለት። ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ አዲስ አበባ ትገባላችሁ። እሁድ ታርፋላችሁ፣ ማታ ትበራላችሁ፣ ሰኞ ጠዋት አውሮፓ ናችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ማታ ትነሳላችሁ፣ አርብ ጠዋት ቦሌ ትደርሳላችሁ፣ ቅዳሜ ደሴ ትገባላችሁ፣ እሁድ ታርፋላችሁ። አውሮፓ ውስጥ የቀረላችሁ 11 ቀን ነው። ሌሊቱ ደግሞ 10 ብቻ።

ይህን 10 ቁጥር ደብተሩ አናት ላይ አክብቡት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን አሥር ሌሊቶች ማከፋፈል ነው። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ያንሳል፤ እንደዚሁ አንድ በአንድ እየጻፋችሁ ራሳችሁ አውጡት። እሁዷን አዲስ አበባ ላይ አታጥፏት። የኛ መንገድ ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም፣ በረራም ይሰረዛል። ከደሴ በተነሱበት ቀን ማታውኑ አውሮፕላን ለመያዝ መሞከር ነፍስን ማስጨነቅ ነው።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አንድ ነገር

ይሄ የኛ ብቻ ችግር ስለሆነ የውጭ መመሪያዎች አይጽፉትም። የፈቃድ ፎርም የምትሞሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ትኬቱ በፈረንጅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ በላይ የሚያሳስተው እኩለ ሌሊት ነው። ትኬቱ ሰኞ 00:30 ካለ በእኛ አነጋገር እሁድ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ እሁድ ማታ ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ቀን ሊሞላው ነው። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ የባቡሩን 14:35 ወደ ሐበሻ ሰዓት መቀየር ተዉ፤ ስልካችሁን በ24 ሰዓት አድርጉና እንዳለ አንብቡት።

ደስ የሚለው፣ የሰዓት ልዩነቱ ለእኛ ቀላል ነው። ሮም፣ ፓሪስና ቪየና በበጋቸው ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሁለት ቀን በእንቅልፍ ይሰቃያል፤ እኛ የደረስንበትን ቀን መጠቀም እንችላለን። ግማሹን ብቻ ግን። ሌሊቱን ወንበር ላይ ነው ያደራችሁት፣ ሆቴሎች ክፍል የሚሰጡትም አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሻንጣውን እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀምጡና በእግራችሁ ሰፈሩን ዙሩ። ለዚያ ቀን ሰዓት ያለው የሙዚየም ትኬት አትግዙ።

መቼ መሄድ ይሻላል

ብዙ ሰው ፈቃዱን ክረምት ላይ ይወጣል። የኛ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ሙቀቱም፣ ሰልፉም፣ የሆቴሉ ዋጋም ጣሪያ የሚነካበት ነው። ጣሊያን ውስጥ ነሐሴ 9 አካባቢ፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ ትልቅ በዓል ስለሆነ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ታኅሣሥና ጥር ይረክሳል፣ ግን ቀኑ አጭር ነው። በዲሴምበር አምስተርዳም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በጁን ደግሞ ማታ አራት ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ ለለመደ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያው አንድ ቀን በክረምታቸው ግማሽ ይሆናል።

እኔን ብትጠይቁኝ ግንቦት ወይም ጥቅምት ነው። መስቀልን አሳልፋችሁ፣ መስከረም 21 ግሸንን አንግሣችሁ፣ ከዚያ ብትነሱ ሮም ላይ አየሩ ገና ለስላሳ ነው፣ የሐምሌና የነሐሴውም ግርግር ቀንሷል። ብቻ ቅዳሜ ሌሊት፣ ለኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ አጥቢያ፣ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ኋላ እንደሚመልሱ አትርሱ።

ሦስት ከተማ፣ ከዚያ አይበልጥ

ለአሥር ሌሊት ሦስት የማደሪያ ከተማ ይበቃል። ቡናም ሦስት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከከተማ ወደ ከተማ መዛወር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ቢሆንም እንኳ። ጠዋት ሻንጣ መሸከፍ አለ፣ ከሆቴል መውጣት አለ፣ ጣቢያ መድረስ አለ፣ ከወረዱ በኋላ አዲሱን ሆቴል መፈለግ አለ። አውሮፕላን ከሆነ ይብሳል። ከሮም ፓሪስ በረራው ሁለት ሰዓት ነው ይሏችኋል። ከሮም ዋና ጣቢያ ከተርሚኒ እስከ ፊውሚቺኖ ኤርፖርት ፈጣኑ ባቡር 32 ደቂቃ ይወስዳል፣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት አለ፣ በረራው ሁለት ሰዓት፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከዚያ ከሻርል ደጎል ኤርፖርት ወደ ከተማው በባቡር ግማሽ ሰዓት ከምናምን። ስትደምሩት ስድስት ሰባት ሰዓት ነው። ሰባት ከተማ ማለት ስድስት ጊዜ መዛወር ነው፤ ስድስት ግማሽ ቀን ሦስት ቀን ይሆናል። ሦስት ከተማ ከሆነ ግን የሚሄድባችሁ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ርካሽ በረራ ስታገኙ የኤርፖርቱን ስም በደንብ አንብቡ። ፓሪስ ቦቬ የሚባለው ከፓሪስ 85 ኪ.ሜ ያህል ይርቃል። ፍራንክፈርት ሃን የሚባለው ከፍራንክፈርት 120 ኪ.ሜ ገደማ ነው። ደሴ አደርስሃለሁ ብሎ ወልድያ እንደማውረድ ነው። በዚያ ላይ እነዚህ አየር መንገዶች በዋጋው ውስጥ የሚፈቅዱት ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው፤ እንደኛ ሰው በርበሬና ሽሮ ለዘመድ የያዘ ከሆነ ለሻንጣው የሚከፍለው ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር፣ በገቡበት አትውጡ። አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ወደ ሮም፣ ሚላኖ፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ፍራንክፈርት፣ ቪየና ይበራል። ትኬት ስትፈልጉ ደርሶ መልስ ከማለት «መልቲ ሲቲ» የሚለውን ምርጫ ተጫኑና በአንዱ ገብታችሁ በሌላው የምትወጡበትን ዋጋ እዩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ያተረፋችሁት ግን ወደ መጀመሪያው ከተማ ለመመለስ የሚጠፋውን ሙሉ ቀን ነው።

አሁን አሥሩን ሌሊት እናከፋፍል። ጣሊያንን ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው ሮም አምስት፣ ፍሎረንስ ሦስት፣ ሚላኖ ሁለት ሌሊት ይደር። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ከፍሎረንስ ሚላኖ ሁለት ሰዓት ያህል። ፒሳ ከፍሎረንስ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነች ጠዋት ሄዳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ፣ ሆቴል አያስፈልግም። በሮም ገብታችሁ በሚላኖ ትወጣላችሁ። አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዓይነት ባቡር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ይሄን ነው የምመክረው።

ብዙ አገር ማየት አለብኝ የምትሉ ፓሪስ አራት፣ ብራስልስ ሦስት፣ ፍራንክፈርት ሦስት አድርጉ። ፓሪስ–ብራስልስ በባቡር አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው። ብሩዥ ከብራስልስ አንድ ሰዓት ናት፤ አምስተርዳምም ሁለት ሰዓት ስለሆነች ደርሶ መልስ ይቻላል፣ ያደክማል እንጂ። ከብራስልስ ፍራንክፈርት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገድ ላይ ኮሎኝ አለች። ካቴድራሉ ከባቡር ጣቢያው በር ላይ ስለሆነ ሻንጣችሁን ጣቢያው ውስጥ ቆልፋችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አይታችሁ ቀጣዩን ባቡር መያዝ ትችላላችሁ። እንደዚህ ዓይነቷን ነገር ውደዷት፤ አንድ ከተማ ያለ አንድ ሌሊት ታያላችሁ።

ሌላው ቪየና ነው። ብራቲስላቫ አንድ ሰዓት፣ ቡዳፔስት ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ። እዚያ ላይ ፕራግን የሚጨምር ብዙ ነው፤ ከቪየና አራት ሰዓት ነው፣ ደርሶ መልሱ ስምንት። ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

የባቡር ትኬት ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ የፈጣኑ ባቡር ዋጋ እንደ አውሮፕላን ቀኑ ሲቀርብ ይጨምራል። በሁሉም ባቡር ያስኬዳል የሚባለው የዩሬይል ፓስ ለሦስት ከተማ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ጣሊያንና ፈረንሳይ ላይ ለፈጣኑ ባቡር የመቀመጫ ክፍያ በላዩ ላይ ያስከፍላሉ።

ዘመድ ካለ

ፍራንክፈርት አክስት አለችን፣ ስቶክሆልም የአጎቴ ልጅ አለ የማይል የለም። ዘመድ ቤት ማደር ገንዘብ ያተርፋል፣ ቀን ግን ይበላል። ቡና ሳይፈላ አትወጡም፣ እንጀራ ሳይቀርብ አትሄዱም፣ ቤታቸውም ከከተማው ዳር ሊሆን ይችላል። ይሄ ክፉ ነገር አይደለም፣ እንዲያውም ለብዙዎቻችን የጉዞው ዋና ነገር እሱ ነው። ግን በፕሮግራሙ ላይ ስሙን ጠርታችሁ ሙሉ ቀን ስጡት። «አክስቴ ጋ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን» ብላችሁ ጻፉ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሁን፤ በሥራ ቀን እነሱም ፈረቃ ላይ ናቸው። ዘመዱ ከሦስቱ ከተማ ውጭ ከሆነ ደግሞ ወይ አንዱን ከተማ በእሱ ተኩት፣ ወይም እሱ ወደ እናንተ ይምጣ።

ቪዛው ፕሮግራሙን ይከተላል

ሸንገን አሁን 29 አገር ነው። በአንድ ቪዛ ሁሉንም ታዳርሳላችሁ፣ የምታመለክቱት ግን ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ፓሪስ አራት ሌሊት ስለሆነ ለፈረንሳይ ነው። እኩል እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት አገር። «የእገሌ ኤምባሲ ይቀላል አሉ» ብሎ አንዱ ጋ አመልክቶ ሌላ አገር መክረም በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል፤ ድንበር ላይም ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሌሊቶቹን ሳታከፋፍሉ ቪዛ አትጀምሩ።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ነው፣ ቢያንስ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ነበር፣ የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ቀጠሮ ራሱ ወረፋ ስላለው እኔ አራት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ እላለሁ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች 45፣ ከዚያ በታች ነፃ። የጉዞ የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደተሰጣችሁና ወደ ሥራ እንደምትመለሱ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሆቴል ቡኪንግ። ሆቴሉን መሰረዝ የሚቻል ዓይነት አድርጉት። የአውሮፕላኑም ሪዘርቬሽን ይሁን፤ ቪዛ ሳይመጣ የማይመለስ ትኬት መግዛት የዓመት ቁጠባን መንገድ ላይ መዘርጋት ነው።

ቪዛው ሲመጣ ሁለት ነገር እዩበት። አንደኛ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚለውና የተፈቀደው የቆይታ ቀን ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀኑ ሰፋ ብሎ ብዛቱ 11 ሊል ይችላል። የገባችሁበት ቀንም የወጣችሁበት ቀንም ይቆጠራል። ሐሙስ ማታ የሚነሳው አውሮፕላን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ አርብ አንድ ቀን ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ስታመለክቱ አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ መግባት እንደተፈቀደላችሁ ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ብቻ ካለ፣ ለሁለት ቀን ለንደን ብቅ ብላችሁ ወደ ፓሪስ መመለስ አትችሉም።

ለንደንን ካነሳሁ አይቀር

የወሎ ሰው ስለሆንኩ ለንደንን ከዝርዝሩ መሰረዝ ከሁሉም በላይ ከብዶኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው እዚያ ነው ያለው። የብራና መጻሕፍቱ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የወርቁ ዘውድና ጽዋው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ታቦታቱ ብሪቲሽ ሙዚየም፤ ታቦታቱ እንኳ ለሕዝብ አይታዩም። ልዑል ዓለማየሁ ያረፈው ዊንዘር ነው። ይሄን ሁሉ ማየት ለእኛ ሽርሽር ብቻ አይደለም።

ግን እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም። ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ አሻራ፣ ሌላ የአዲስ አበባ ጉዞ ነው። ብራናዎቹንም እንዲሁ ገብቶ ማየት አይቻልም፣ አስቀድሞ መጠየቅ ይፈልጋል። በአሥር ሌሊት ጫፍ ላይ ሁለት ቀን ቆርጦ መስጠት ጉዳዩን ማሳነስ ነው። እኔ ለብቻው የአንድ ዓመት ፈቃድ አስቀምጬለታለሁ።

እስከዚያው ሮም ብዙ የኛ ነገር አላት። ከተርሚኒ ጣቢያ ስትወጡ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለሞቱት ጣሊያናውያን የተሰጠ ስም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ከእኛው ደጅ ውጫሌ ላይ ውሉ የተፈረመው። ከጥንቱ የሮማውያን ስታዲየም ከኮሎሴየም ወደ ደቡብ በእግር ስትሄዱ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ፤ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የኖረው እዚያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ገባ። ቫቲካን ግቢ ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። እህቴ አደባባዩ ላይ ሻንጣዋን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። በፕሮግራማችን ላይ ክፍት ግማሽ ቀን ባይኖር ኖሮ ያን አናገኘውም ነበር።

የተዘጋ በር እንዳይገጥማችሁ

ሦስቱ ከተሞች ከታወቁ በኋላ ቀኖቹን ከመዝጊያ ቀን ጋር አስተያዩ። ፓሪስ ላይ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው፣ ኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ። ፍሎረንስ ላይ ኡፊዚ የሚባለው የሥዕል ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በስተቀር እሁድ አይከፈትም። አምስተርዳም ያለው የአን ፍራንክ ቤት፣ በናዚ ዘመን ተደብቃ ማስታወሻዋን የጻፈችው ልጅ ቤት፣ ትኬቱ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ነው የሚለቀቀው፤ በር ላይ አይሸጥም። ኮሎሴየም ትኬቱ ላይ ስም ስላለ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ።

በቀን አንድ ትልቅ ነገር ያዙ፤ ጠዋት ሲሆን ይመረጣል። ከሰዓት በኋላውን በእግር ለመዞር፣ ለመቀመጥ፣ ለሶላትም ለቅዳሴም ለሚሄድ ሰው ለዚያ ተዉት። ምግብ አያሳስባችሁ፤ ሐላል የሚሸጡ የቱርክና የአረብ ቤቶች በየትልቁ ከተማ አሉ፣ ለጾመኛም ጣሊያን ላይ ፓስታ በቲማቲም አይጠፋም። ሮም ውስጥ ደግሞ በየመንገዱ ቀኑን ሙሉ የሚፈስ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ አለ፣ ኮዳ ያዙ። ገንዘብ ላይ አንድ ነገር፦ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ሁሉም ዩሮ ናቸው። ሃንጋሪ ግን ፎሪንት፣ ቼክ ኮሩና፣ ስዊዘርላንድ ፍራንክ ነው። ሦስት ዓይነት ገንዘብ መመንዘር እያንዳንዱ ላይ ኪሳራ አለው። ቪዛና ትኬቱ እንደተገኘ የውጭ ምንዛሬውን ከባንካችሁ ጠይቁ፣ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት።

የመጨረሻዋን ሌሊት የምትወጡበት ከተማ እደሩ፣ ሌላ ቦታ አድራችሁ በዚያው ቀን በባቡር ደርሳችሁ አውሮፕላን ለመያዝ አትሞክሩ። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣውን ሆቴል አስቀምጣችሁ የቀረውን ገዝታችሁ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ኤርፖርት ተንቀሳቀሱ። አርብ ቦሌ ስትደርሱ ዕለቱን ወደ ደሴ ለመንዳት አትቸኩሉ፣ ሌሊቱን አልተኛችሁም። ቅዳሜ በጠዋት ተነሱ። እሁድን ለቤት ተዉት፤ ጎረቤት ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ፎቶ ታሳያላችሁ፣ ሰኞ ሥራ ናችሁ።